ስለ መልእክት ማስተላለፊያ ገመድ ለነጋዴዎች የቀረበ ማስታወሻ

የዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ክቡራን አንባብያን ከገጾቹ ዘወትር የሚፈልጉት የምንዛሪ ዋጋ፥ የመርከብ መድረሻ ቀንና የገበያ ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ቀጭን ሽቦ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰው ነገር ስለ ኮምፒዩተር መረብ አሠራር እንድጠይቅና እንድማር ስላስገደደኝ፥ ያወቅሁትን ለሌላው ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ባንኩ ለሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ማሻሻያ የሚያስፈልገው የተፈረመበት ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ከአሥር ሰዓት በፊት እንዲደርሰው ጠየቀ። ወረቀቱን በስካነር አንሥቼ ላክሁ። ኮምፒዩተሩ «በመላክ ላይ» ይልና ይቆማል፤ እንደ ገና ይጀምራል፤ ደግሞ ይቆማል። አሠሪዬ «ዛሬም ኔትወርክ የለም!» ብለው ተቆጡ፤ እኔም አብሬ አማረርሁ። በመጨረሻ ሰነዱን በፍላሽ ይዤ በታክሲ ወደ ባንኩ ብከንፍ፥ መንገዱ ተጨናንቆ ስለ ነበር የደረስሁት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ማሻሻያው የተላከው ሰኞ ሆነ፤ ጭነቱም የታሰበለትን መርከብ አጥቶ በሚቀጥለው ተጫነ። ያዘዝነው የወጥ ቤት ዕቃ ለፋሲካ ገበያ የታሰበ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ከበዓሉ በኋላ ነው።

እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያችው ሰዓት የአሠሪዬ ልጅ በታችኛው ቢሮ ተቀምጦ በስልኩ የእግር ኳስ ጨዋታ ያለ አንዳች መቋረጥ ይመለከት ነበር። ስልኩም የተያያዘው ከቤታችን ዋይፋይ ጋር ነው። ነገሩን የሚያስተውል ሰው ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ ከውጭ እንዳልሆነ ከዚህ ብቻ ይረዳ ነበር። ስለምን ቢሉ፥ ይህን ለመመለስ መልእክት ከኮምፒዩተር ወጥቶ እንዴት እንደሚጓዝ ጥቂት መናገር ያሻል።

አንድ ሰነድ በመረብ ላይ ሲላክ እንዳለ አይጓዝም። ይቈራረጣል። እያንዳንዱ ቍራጭ ከ1,500 ባይት እንዳይበልጥ ተደርጎ ስለሚታሸግ፥ ሦስት ሚሊዮን ባይት የሚሆን ኢንቮይስ 2,000 ያህል እሽግ ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ጭነት በአንድ መኪና ስለማይበቃ ከጅቡቲ በብዙ ከባድ መኪና ከፋፍለን እንደምናስመጣው ያለ ነው። በየእሽጉ ላይ የላኪው አድራሻ፥ የተቀባዩ አድራሻና ተራ ቍጥር ይጻፍበታል፤ አይፒ አድራሻ የሚባለውም ይኸው ነው። ተቀባዩ በቍጥሩ መሠረት እሽጎቹን መልሶ ይገጣጥማል፤ የጐደለ ቢኖር «ይህ አልደረሰኝም» ብሎ እንደ ገና ያስልካል። ይህን ሥርዓት ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ አቅርበውታል፤ ዛሬም ዓለም የሚሠራበት የዚያው ተከታይ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ እሽግ በጠፋ ቍጥር ላኪው መንገዱ የተጨናነቀ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ጥቂት ጥቂት የሚያንጠባጥብ ሽቦ ከመቶ እሽግ ጥቂቱን ብቻ ቢያጠፋም እንኳ ሥራውን ሁሉ ያስነክሳል። የእኔ ኮምፒዩተር ይቆምና ይጀምር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እሽጎቹ የሚሄዱበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው፤ መዳብ፥ መስታወትና አየር።

ከሦስቱ አንጋፋው መዳብ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የስልክ መስመርም የብረት ሽቦ መንገድ ነበር። ዛሬ በየቢሯችን ግድግዳ ሥር የሚሄደው የኮምፒዩተር ገመድ በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገምደዋል። መገመዱ ለውበት አይደለም። በአጠገቡ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ሞተር በሽቦው ላይ ሁከት ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተገምደው ከሆነ ግን ሁከቱ በሁለቱም ላይ እኩል ይወድቃል። ተቀባዩ የሚያነብበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለ ሆነ፥ በሚዛን ሁለት ሳሕን ላይ እኩል ክብደት ቢጨመር ምላሱ እንደማይነቃነቅ ሁሉ ሁከቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህን ዘዴ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በስሙ አስመዝግቦታል። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ርካሽ መላ አልተገኘም።

ነገር ግን የመዳብ ኃይሉ ውሱን ነው። የዚህ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ወስነዋል። መጋዘኑና ቢሮው የተራራቁበት ነጋዴ ይህን ልብ ይበል። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋርም በአንድ ቱቦ ውስጥ አይግባ፤ የኛ ግን ከመብራት ሽቦው ጋር በአንድ ክር ታስሮ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ መስታወት ነው፤ ፋይበር እያልን የምንጠራው። በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ስለ ሆነ የሞተር ሁከት አይነካውም። ረጅም ርቀት የሚሄደው የፋይበር ዓይነት ብርሃኑን የሚያሳልፍበት እምብርት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያነሰ ውፍረት ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦ የተባለው ሊቅ ብርሃኑን የሚያዳክመው በመስታወቱ ውስጥ ያለው እድፍ መሆኑን አስረዳ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የዛሬው መስታወት ንጽሕናው ከዚህ ደርሷል፤ ብርሃኑ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገና ግማሹ ይቀራል።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የውጭ መልእክታችን በየብስ በተዘረጋ ፋይበር እስከ ጎረቤት አገር ጠረፍ ሄዶ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ ይጓዛል። ከእነዚህ ገመዶች በርካቶቹ ጅቡቲ ላይ ይወጣሉ። ዕቃችንና መልእክታችን የሚመጡት በአንድ ቀይ ባሕር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በሚሳይል ተመታ መልሕቋን ጥላ ብዙ ቀን ስትንሳፈፍ ቆይታ በመጋቢት መባቻ ሰጠመች፤ በዚያው ጊዜ ሦስት የባሕር ሥር ገመዶች ተበጠሱ። የበጠሳቸው የተጎተተው መልሕቅ እንደ ሆነ ይታመናል። በመስከረም 2025 ደግሞ በጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ገመዶች ተቈርጠዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ነጋዴ በእጁ የሚያደርገው ነገር የለም፤ መልእክቱ በሌላ መንገድ ዞሮ እስኪደርስ መታገሥ ብቻ ነው።

አየር ሦስተኛው ነው። ዋይፋይም የስልክ ምሰሶም ሳተላይትም በራዲዮ ሞገድ ይሠራሉ። ዋይፋይ ወፍራም ግንብና የቆርቆሮ ግድግዳ ያዳክመዋል፤ ለመርካቶ የቆርቆሮ መጋዘን የማይስማማውም ስለዚህ ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቆመው የሳተላይት ዓይነት ደግሞ በመመላለሱ ብዛት ግማሽ ሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ ለደብዳቤ ግን ይበቃል።

ወደ ቤታችን ነገር ልመለስ። ፋይበሩ የሚገባው በታችኛው ቢሮ ነው። እዚያ ራውተር አለ፤ ከግቢው ወደ ውጭ የሚወጣውን እሽግ ሁሉ በየአድራሻው የሚመራ መሣሪያ ነው። ዋይፋዩም ከእርሱ ይወጣል። በአጠገቡ ያለው ስዊች ደግሞ የግቢውን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ከእርሱም 70 ሜትር የሚያህል የመዳብ ገመድ ግቢውን አቋርጦ፥ በመጋዘኑ በር መቃን ላይ ታጥፎ፥ ደርብ ላይ ወዳለው ጠረጴዛዬ ይወጣል። የልጁ ስልክ በዋይፋይ በኩል ያለ እንከን ከሠራ ራውተሩም ፋይበሩም የውጩም መስመር ደኅና ናቸው። ጥፋቱ ከስዊቹ እስከ እኔ ባለው መንገድ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። መስመር ሲቋረጥ አስቀድሞ የሚሠራውንና የማይሠራውን መለየት ይገባል ያለኝ በኋላ የመጣው ወጣት ቴክኒሻን ነው።

ወጣቱ ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ እስከ በሩ መቃን ሄደ። በሩን ከፈተ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ዘጋው፤ ተመለሰ። ያን ዓርብ መጋዘኑ ዕቃ ሲያራግፍ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የዋለው። ከዚያም የታጠፈውን ቈርጦ የሽቦውን ጫፍ በቢላዋ ፋቀና አሳየኝ። ከላይ ቀይ ነው፤ ከውስጥ ነጭ።

«እትዬ፥ ይህ መዳብ አይደለም። መዳብ የለበሰ አልሙኒየም ነው» አለኝ።

አልሙኒየም ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። እንዲህ ያለው ሽቦ ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪኩን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይቋቋማል፤ ስለዚህ መልእክቱ ቶሎ ይደክማል፤ በዚያው ገመድ ኃይል የሚያገኙ የጥበቃ ካሜራዎች ቢኖሩ ደግሞ ገመዱ ይሞቃል። ዓለም አቀፍ ደረጃዎችም ይህን በካቴጎሪ ገመድ ስም አይቀበሉትም።

«ከየት ገዛችሁት?» ሲል ጠየቀኝ። አልገዛነውም። ከራሳችን መጋዘን ያወጣነው ነበር።

ከአንድ ዓመት በፊት ስልሳ ሣጥን አስመጥተናል። ትእዛዙን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «ካቴጎሪ 6፥ ርዝመቱ 305 ሜትር፥ ሰማያዊ» ብዬ። ብረቱ ምን ይሁን አላልሁም። የላኪው ዋጋ ከሌሎቹ በሲሶ ያህል ስላነሰ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ስለ ላኪው ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ያልጠየቅሁትን አልላከም ብሎ ቢከራከረኝ መልስ አልነበረኝምና።

በመጋዘን የቀረው ሠላሳ ሰባት ሣጥን ነበር፤ አንዱን ለራሳችን ዘርግተናል፤ ሃያ ሁለቱ ተሸጧል። ሒሳብ ሹማችን «ገዢው ብረቱን አልጠየቀም፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር፤ ዝም ብለን እንጨርሰው» አለ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ የቤቱን ገንዘብ የሚጠብቅ ነው። አሠሪዬ ብዙ አልተናገሩም። «እስከ ዛሬ ሳላውቅ ሸጬ ነበር፤ ከእንግዲህ አውቄ ነው የምሸጠው» አሉና የደረሰኞቹን ቅጂ እንዳወጣ አዘዙኝ።

ሁለት ቀን ስልክ ስደውል ዋልሁ። አንዳንዱ ደንበኛ «እኔ የበር ደወል ነው የሠራሁበት፥ ይቅርልኝ» አለ። አንድ የአዳማ ባለ ሱቅ ግን ለሆቴል ሸጦት ስለ ነበር በስልክ ተቆጣኝ፤ ቍጣው አግባብ ነበረው። ዘጠኝ ሣጥን ተመለሰ፤ ገንዘቡ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ በየሣጥኑ ላይ «መዳብ የለበሰ አልሙኒየም፥ ለኮምፒዩተር መረብ አይሆንም» የሚል ወረቀት ለጥፈን ከገዛንበት ባነሰ ዋጋ አወጣነው። ዛሬ አሥራ አንድ ቀርቷል። ያየነው ኪሳራ በመጽሐፋችን ተጽፏል፤ ከፋሲካው ገበያ መጉደል ጋር ቢደመር ርካሹ ገመድ ለእኛ እጅግ ውድ ሆኖ ነበር።

ይህን ዓይነት ዕቃ የሚያስመጣ አንባቢ ቢኖር በትእዛዙ ላይ «ሽቦው ሙሉ በሙሉ ንጹሕ መዳብ ይሁን» የሚል ቃል እንዲያስገባ፥ የአንዱ ሣጥን ክብደት በሰነዱ እንዲገለጽለት፥ ናሙናም ከመጫኑ በፊት እንዲላክለት እንዲጠይቅ እመክራለሁ። የአልሙኒየም ክብደት ከመዳብ ሲሶ አይሞላም፤ ስለዚህ ሚዛን ብዙ ይናገራል። ባለ ሱቅ የሆነም ከመቀበሉ በፊት የአንዱን ሽቦ ጫፍ ይፋቅ። አንዳንድ ሣጥን በጥቃቅን ፊደል ሲ.ሲ.ኤ. የሚል ምልክት አለበት፤ ይህም መዳብ የለበሰ አልሙኒየም ማለት ነው። የኛዎቹ ሣጥኖች ግን ምንም አልነበረባቸውም።

አዲሱ ጭነት ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ በመጓዝ ላይ ነው። ሲደርስ ሚዛንና ቢላዋ ይዤ እንድሄድ አሠሪዬ ራሳቸው አዘውኛል።