በቆላ ሙቀት ዶሮዎችን ውሃ ስለ ማጠጣት

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ይበረታል። በዚህ ወቅት ጠዋት በደህና የተለቀቁ ዶሮዎች ከቀትር በኋላ ሞተው ይገኛሉ። አርቢው ብዙ ጊዜ «ፈንግል ገባ» ይላል። ይሁንና ፈንግል ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተዛመተ ለቀናት ይቆያል፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጠምዘዝም ሊያሳይ ይችላል። ሙቀት ግን በቀትር ይጥላል፤ የተረፉትም አየሩ ማታ ሲቀዘቅዝ ያገግማሉ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል።

ዶሮ አታልብም። ሙቀቷን የምታወጣው በይበልጥ አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ስታለከልክ በትንፋሿ ርጥበት ስለሚወጣ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ የሰውነቷ ውሃ ግን ይጎድላል። ስለዚህ በመጠነኛ አየር በቀን ሩብ ሊትር ገደማ የሚበቃት ዶሮ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ እስከ ግማሽ ሊትር ትፈልጋለች። ከእንቁላልም ሁለት ሦስተኛው ያህል ውሃ በመሆኑ፣ የተጠማች ዶሮ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፤ ከዚያም ታቆማለች።

ሆኖም የውሃ መኖር ብቻውን አይበቃም። በቆርቆሮ ዕቃ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ስለሚሞቅ ዶሮዋ ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች። ውሃ ሞልቶ ሳለ ዶሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም አርቢዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን፦

1. ውሃውን በሸክላ ዕቃ ማቅረብ። ሸክላ ርጥበት ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍና ርጥበቱም ስለሚተን ውሃውን ያቀዘቅዛል። የተሰበረ እንስራ ታች ያለው ክፍል ለዚህ ያገለግላል።

2. ዕቃውን ቀኑን ሙሉ ጥላ በማይለየው ቦታ ማስቀመጥ፤ ዶሮዎቹ እንዳይሻሙም ሁለት ሦስት ቦታ ማድረግ።

3. ዕቃውን በየጠዋቱ አጥቦ መሙላት፤ ከቀኑ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ መለወጥ።

4. ጫጩቶች እንዳይሰጥሙ በዕቃው ውስጥ ጠጠር ማድረግ።

5. ማሽላውን ወይም ሌላውን መኖ ማለዳና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መስጠት። መኖ ሲፈጭ የሰውነትን ሙቀት ስለሚጨምር በቀትር አይሰጥም።

6. ክንፏን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ የደከመችውን ዶሮ ሳያባርሩ ወደ ጥላ ወስዶ እግሯንና ክንፎቿን ከሥር በውሃ ማራስ። ራሷ እንድትጠጣ ውሃ ማቅረብ እንጂ በግድ ማፍሰስ አይገባም፤ ሊያንቃት ይችላል።

ከደጋ የመጡ ዶሮዎች ሙቀቱን እስኪለምዱ ድረስ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤተሰብ ይህ ተጨማሪ ሸክም መሆኑን እንገነዘባለን። ነገር ግን 10 ዶሮዎች በጽኑ ሙቀት ቀን የሚጠጡት 5 ሊትር ያህል፣ ማለትም የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ነው። ከዕቃው የሚለወጠውም ውሃ ለጓሮ አትክልት ይሆናል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ከሞተች ግን የወራት እንቁላል አብሮ ይቀራል።