ምላሴን ምን ነካው?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬም ከሽቦና ከሲግናል ጋር ነው። ታዲያ ስለ ምላስ መደንዘዝ ለመጻፍ ምን አገባህ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ የደነዘዘው የራሴ ምላስ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝም ብዬ ተሸክሜው ዞሬአለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር። የምላሴ ጫፍ ነዘር ነዘር ይለኝ ጀመር። ሚጥሚጣ ነው ብዬ ሚጥሚጣ ተውኩ። የጥርስ ሳሙና ቀየርኩ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጥርስህ ደህና ነው ተባልኩ። ባለቤቴ “ሥራ አብዝተህ ነው፤ ጭንቀት ነው” አለችኝ። በመጨረሻ የቤተሰብ ሐኪሜ ደም አስመርምሮ “የደም ማነስ የለብህም” ብሎ ሸኘኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ጊዜ ያስበላችኝ ይህቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር መሆኗን የተረዳሁት በኋላ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ ለሐኪሙ የነገርኩት “ደነዘዘኝ” ብቻ ነበር። በአማርኛ ግን ደነዘዘኝ፣ ነዘረኝ፣ ወረረኝ፣ አቃጠለኝ የሚባሉት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእኔ ሙያ አነጋገር መደንዘዝ ማለት ሲግናሉ ጠፋ ማለት ነው፤ መንዘር ደግሞ ማንም ሳይነካው መስመሩ በራሱ ጩኸት አመጣ ማለት ነው። በአስተርጓሚ የምትታከሙ ወገኖች ይህን ልዩነት አስረዱ። ከሁሉም በላይ ግን ሦስት ነገር ንገሩ፦ በድንገት መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ሌላ የት ቦታ አብሮ ይሰማችኋል?

የፊትና የአፍ ስሜት ወደ አንጎል የሚሄደው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ በሚባለው መስመር ነው። ግራና ቀኙ ለየብቻ ተዘርግቷል። ከታችኛው መንጋጋ ወደ ምላስ የሚሄደው ቅርንጫፍ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ያ ጥርስ ሲነቀል አንዳንዴ ይጎዳና የምላስ ግማሽ ይደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ከማደንዘዣ መርፌ የሚመጣውማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚለቅ ነው።

በድንገት፣ በአንድ ወገን ከሆነ ግን ቀልድ የለም። አንጎል ውስጥ የአፍና የእጅ ስሜት የሚያልፍባቸው ቦታዎች ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ትንሽ የደም ሥር ስትዘጋ የአፍ ጥግና የዚያው ወገን እጅ ጣቶች አብረው ሊደነዝዙ ይችላሉ። ሰውየው እጁን ተኝቼበት ነው፣ አፌን ደግሞ ምግቡ ነው ብሎ ሁለቱን ለየብቻ ሲያስታምም የስትሮኩ ሰዓት ያልፋል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አሜሪካ ያላችሁ 911፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ እስራኤል 101 ደውሉ። “ተኝቼ ልየው” አትበሉ።

ሌላው የእኛን ሰው የሚመለከተው የካልሲየም ጉዳይ ነው። በአገራችን እንቅርት ብዙ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እናቶችና እህቶችም ብዙ ናቸው። ከእንቅርቱ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ከተጎዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአፍ ዙሪያና የጣት ጫፍ መንዘር ይጀምራል። ካልሲየም ሲጎድል ነርቭ በትንሽ ነገር ይተኩሳልና። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይህን ካየ በዚያው ቀን ሐኪሙ ዘንድ መመለስ አለበት። በድንጋጤ ወይም በጭንቀት ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ከንፈራችን የሚነዝረንም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አየሩ ሲበዛ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፤ ነርቭ የሚጠቀምበት ካልሲየምም ከደሙ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ “ጭንቀት ነው” የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግን ረጋ ብለው ሲተነፍሱ ይለቃል እንጂ ወራት አይቆይም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አላበውና ተንቀጥቅጦ ከንፈሩን ከነዘረው ስኳሩ ወርዶ ይሆናልና ጣፋጭ ነገር ቶሎ ይቅመስ። ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር ሲወርርና ሲያብጥ አለርጂ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ነው። ስማቸው “ፕሪል” ብሎ የሚያልቅ የደም ግፊት ክኒኖች ደግሞ ምላስን በድንገት ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ ይህም በጥቁር ሕዝብ ላይ ከሌላው ይበዛል። ጎጂ ያልሆነ መንዘርም አለ። የቻይናው የሲቹዋን በርበሬ ከንፈር ላይ የሚፈጥረው ንዝረት በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል መሆኑን በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ለክተውታል። የአገራችን መብራትም በሴኮንድ 50 ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄአለሁ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። የእኔው ቀስ ብሎ፣ በሁለቱም ወገን የመጣ ነበር። ከወራት በኋላ የእግር ጣቶቼም ጀመሩ። ሌላ ሐኪም አይታኝ ምላሴን አውጣ አለችኝና “ለስልሷል፤ ቀልቷል” አለች። ቀጥላም ምን መድኃኒት እንደምወስድና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ሰባት ዓመት። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ እንጃ፣ አራት ዓመት። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት እጾማለሁ አልኳት። ያዘዘችው ምርመራ አንድ ነበር፤ ቫይታሚን ቢ 12። ወርዶ ተገኘ።

ቢ 12 በቀን የሚያስፈልገን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ዕፅዋት የላቸውም። ሽሮውም ምስሩም ጎመኑም አይሰጡንም። ግን ጾም ብቻውን ጥፋተኛ ነው ብዬ እንዳታስቡ። ጤናማ ሰው በፍስክ ቀን በሚበላው ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ጉበቱ ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። ችግሩ የሚመጣው መንገዱ ሲዘጋ ነው። የጨጓራ አሲድ ቫይታሚኑን ከምግቡ ያላቅቀዋል፤ ከጨጓራ የሚመነጭ ልዩ ፕሮቲን ይሸከመዋል፤ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ይቀበለዋል። ኦሜፕራዞል የመጀመሪያውን ደረጃ ያዳክማል፤ ሜትፎርሚን የመጨረሻውን። በተከታታይ የተያያዘ መስመር ማለት ነው፤ እኔ በሁለት ቦታ አዳክሜ በጾም ደግሞ ምንጩን ቀንሻለሁ። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ሜትፎርሚን ቢ 12 ማሳነሱ የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን ገልጾ፣ ምልክት ያለበት ሰው ይመርመር ብሏል።

የቢ 12 እጥረት የነርቭን ሽፋን ይልጣል፤ ሽቦው ፕላስቲኩ ተልጦ እንደሚቀረው። የምላስ ቆዳም በየጥቂት ቀኑ ስለሚታደስ እጥረቱን ቶሎ ያሳያል። ታዲያ ደሜ ለምን ደህና ሆነ? ፎሊክ አሲድ የሚባል ሌላ ቫይታሚን አለ፤ ደም ማነሱን ሊሸፍን ይችላል፣ ነርቩን ግን አያድንም። አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስንዴ ዱቄት ውስጥ ይጨመራል። የጾም ምግባችን ምስርና ጎመንም በዚህ የታወቁ ናቸው። ጾማችን አንዱን አሳጥቶ ሌላውን አትረፍርፎ ምልክቱን ይደብቃል ማለት ነው። “ደም ማነስ የለብህም” የሚለው ለምላሴ መልስ አልነበረም።

ድሮ ይህ በሽታ ሰው ይገድል ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ማይኖትና መርፊ የሚባሉ የቦስተን ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን በየቀኑ ጉበት እያበሉ አዳኗቸው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ከዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ዱለት የሚወድ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል። ዛሬ ግን መርፌ ወይም 1000 ማይክሮግራም ክኒን ይበቃል። መንገዱ ተዘግቶ እንኳ ከዚህ አንድ በመቶው በራሱ ሰርጎ ይገባል፤ 10 ማይክሮግራም መሆኑ ነው፣ ከበቂ በላይ። አንድ ጥንቃቄ፦ ሁሉን ቢ የያዘ ብላችሁ ከፍተኛ ቢ 6 ያለበትን ለረጅም ጊዜ አትውሰዱ፤ ቢ 6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ለጿሚው ደግሞ፣ ቢ 12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ክኒኑም የሚመረተው ከእነሱ ነው እንጂ ከሥጋ አይደለም። የሚጠየቀው ጄላቲን የተባለው የካፕሱል ሽፋን ነውና ደረቁን ክኒን መምረጥ ነው።

ምላሴ በአራት ወር ተመለሰ። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ግን እስካሁን አልተመለሱም። ዘግይተሃል ተብያለሁ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ማታ እማዬ ትዝ አለችኝ። ስኳር አለባት፣ ያንኑ ክኒን ከእኔ ቀድማ ጀምራለች፣ ጾም አታፈርስም። አዲስ አበባ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ምላስሽ ደህና ነው?”

“ምላሴ? ምላሴማ ከደነዘዘ ሰነበተ። ቡናውም አይጥመኝም፤ ቡናው ተበላሽቶ ነው ስል ነበር። ጾሙን ተዪ ልትለኝ ከሆነ ስልኩን ልዝጋው።”

“አይደለም፤ ደም ስጪ ልልሽ ነው። ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተስ መች ነገርከኝ?”

ባለፈው ማክሰኞ እህቴ ወስዳ አስመርምራታለች። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።