የቲነርና የቤንዚን ተን በቤት ውስጥ ጋራዥ

በዕረፍት ቀን የጋራዡን በር ዘግቶ ቀለም የሚቀባ ወይም የመኪና ዕቃ በቤንዚን የሚያጥብ የቤት አባት ብዙ ጊዜ እናያለን። የቲነርና የቤንዚን ተን ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ መሬት ወርዶ ይረጋል፤ ሕፃናት የሚጫወቱትም በዚያው ነው። አፍንጫም ሽታውን ቶሎ ስለሚለምደው፥ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በሩንና መስኮቱን መክፈት፥ ልጆችን፥ እሳትንና ሲጋራን ማራቅ፥ የቆርቆሮውን ክዳን መግጠም ይገባል። በቤንዚን ማጠብም ፈጽሞ መቅረት አለበት። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ አቧራን እንጂ ተንን አያግድም፤ ተንን የሚይዘው ለዚሁ የተሠራ የከሰል ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ነው። ራስን ቢያዞር ወይም ቢያቅለሸልሽ ሥራውን ትቶ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። ቀለሙ ለነገ ቢያድር ጉዳት የለውምና፥ አንባብያን ጤናቸውን እንዲያስቀድሙ እናሳስባለን።