የቼክ ኢንጂን መብራትና የጀሪፍ አሮጌ መኪኖች

ሰማያዊ ናይል ምዕራብና ምሥራቅ ብሎ የሚከፍለው ጀሪፍ፣ የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከፈነዳበት ጊዜ ድረስ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ተከራይተው የሚኖሩበት የካርቱም ሰፈር እንደነበረ ይታወቃል። በሰፈሩ መንገዶች ሲመላለሱ ከኖሩት መኪኖች መካከል ዕድሜያቸው የገፋ የቶዮታ ኮሮላ፣ የሂዩንዳይ አክሰንትና በኮሪያ ገበያ ክሊክ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው የጌትዝ ሞዴሎች የሚገኙ ሲሆን፣ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት፣ ማለትም ቼክ ኢንጂን፣ ዳሽቦርዳቸው ላይ በርቶ ወራት የሚነዱት ብርቅ አይደሉም። የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ርካሽ እየሆነ በመምጣቱ መብራቱ ለምን እንደበራ መጠየቅ ቀላል ሆኗል፤ ችግሩ የሚጀምረው መልሱ ከተገኘ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው ከየትኛው መስመር የመጣው መረጃ ከተጠበቀው ልክ ውጪ እንደሆነ እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ስላልሆነ፣ የኮዱን ስም ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሮጥ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበትና ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት ከተማ ደግሞ፣ ውድ ከሆነው ዕቃ በፊት የሚጎዱት ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ፊልትሮውና ዘይቱ ናቸው።

ኮዶቹ አንድ ወጥ መልክ የያዙት በሕግ አስገዳጅነት ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የራሳቸውን ብልሽት እንዲመዘግቡ ሲያስገድድ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቋንቋ ይጠቀም የነበረ ሲሆን፣ ኦቢዲ 2 የሚባለውና 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከመሪው ሥር እንዲገኝ የሚጠይቀው ደንብ በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው በ1996 ሞዴል ነው፤ አውሮፓም በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተመሳሳይ ግዴታ ጥላለች። ይሁን እንጂ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች በእነዚህ ሕጎች አይገደዱም ነበርና፣ በአንድ ዓመት ከተሠሩ ሁለት ተመሳሳይ ኮሮላዎች አንደኛው ከማንኛውም ማንበቢያ ጋር ሲነጋገር ሌላኛው ዝም ሊል ይችላል። ሱዳን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ከገቡት ሌላ በሊቢያና በቻድ በኩል ያለ ሰሌዳ የገቡ መኪኖችም ስለነበሩ፣ ከምርመራው በፊት መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ መጠየቅ ትርፍ ጥያቄ አይደለም።

ወጥ የሆነው ኮድ በአንድ ፊደልና በአራት አኃዝ ይጻፋል። ፒ የሚለው ፊደል ሞተርንና ካምቢዮን ያመለክታል፤ ቀጥሎ ያለው 0 ከሆነ ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ሲሆን፣ 1 ከሆነ ደግሞ የአምራቹ የራሱ ነውና ትርጉሙ ከመኪናው ዓይነት ውጪ አይሠራም። ሦስተኛው ምልክት የችግሩን አካባቢ ይናገራል፦ 1 እና 2 አየርና ነዳጅን፣ 3 የእሳት ማቀጣጠልን፣ 4 የጭስ ማጣሪያን፣ 5 ፍጥነትንና የሚኒሞ ዙርን፣ 7 ካምቢዮን ይመለከታሉ። ስለዚህ ፒ0301 የተባለ ኮድ በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ እየሳተ መሆኑን ሲያመለክት፣ የሳተው በካንዴላው፣ በቦቢናው፣ በኢንጀክተሩ ወይስ በቫልቩ ምክንያት እንደሆነ ግን አይናገርም። የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው አቀያይሮ ኮዱ ወደ ፒ0302 ይዛወር እንደሆነ ማየት፣ ነጠላ ቦቢና ባላቸው ሞተሮች ላይ፣ ያለ ምንም ወጪ መልስ ይሰጣል።

ከወጥ ደንቡ በፊት የተሠሩት ቶዮታዎች ያለ ማንበቢያ ይነበባሉ፤ ይህ ዘዴ ዛሬ ቢረሳም በቀላልነቱ የሚወዳደረው የለም። ከኮፈኑ ሥር ዲያግኖሲስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሣጥን ተከፍቶ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙና ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ኮዱን በብልጭታ መቁጠር ይጀምራል። ሁለት ብልጭታ፣ አጭር ዕረፍት፣ እንደገና ሁለት ብልጭታ ከሆነ ኮዱ 22 ነው፤ ይኸውም የሞተር ውኃ ሙቀት መለኪያ ሴንሰር መስመር ነው። የተመዘገበ ችግር ከሌለ መብራቱ ያለ ዕረፍት በእኩል ልክ ብልጭ ድርግም ይላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ደግሞ የራሳቸውን ኮድ ኦቨርድራይቭ ኦፍ በሚለው መብራት የሚያሳዩ ሲሆን፣ 62 እና 63 የማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶችን፣ 64 ደግሞ የሎክ አፕ ሶሌኖይዱን ያመለክታሉ። ሶሌኖይድ የሚባለው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የዘይት መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ ነው።

በኮድና በብልሽት መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በዚሁ የውኃ ሙቀት ሴንሰር ላይ ነው። በአዲሱ አጻጻፍ ፒ0118 የተመዘገበበት መኪና ላይ ማንበቢያው ተሰክቶ የቀጥታ መረጃ ሲታይ፣ ጀሪፍ ላይ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች የሞተሩ ውኃ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው የሚል ቁጥር ሊነበብ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ እንዲህ የሚለው መስመሩ የሆነ ቦታ ስለተቋረጠበት ነው። በዚህ ጊዜ የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሎ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ፣ ቁጥሩ ወዲያው ከ140 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒዩተሩም ጤነኞች ናቸው፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን ሴንሰሩ ቢቀየር ለውጥ አይመጣም፤ በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀውን ሽቦ ወይም የዛገውን ሶኬት መፈለግ ያስፈልጋል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሴንሰሩ ተቃውሞ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታበት መጠን፣ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ስለሆነ በተራ ቴስተር ማረጋገጥ ይቻላል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የውኃውና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየታቸውም ሌላው ነፃ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ በሞቃት አገሮች የተለመደ አንድ ልማድ መጥቀስ ይገባል፤ ሞተር እንዳይግል በማለት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ልማዱ ራዲያተሩ በተደፈነ መኪና ላይ ለጊዜው የጠቀመ ቢመስልም፣ በክፍት መንገድ ላይ ሞተሩ ወደሚገባው ሙቀት ሳይደርስ ስለሚሄድ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይጨምራል፤ ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎችም ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ኦቨርድራይቭ አይገቡም። ባለቤቱ ካምቢዮው አልቀይር አለ ብሎ የካምቢዮ ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ግን ያችን ርካሽ ዕቃ መጣሉ ነው።

አቧራው የራሱን ኮድ ይዞ ይመጣል። ፒ0171 ማለት ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚወቅሰው የኦክስጅን ሴንሰሩን ነው፤ ያ ሴንሰር ግን የተላከው መልእክተኛ ነው። ከሃቡብ በኋላ በቸልተኝነት የተገጠመ ፊልትሮ በጎኑ ደቃቅ አሸዋ ያሳልፋል፣ አሸዋው የአየር መጠን በሚለካው ሴንሰር ቀጭን ሽቦ ላይ ይጋገራል፣ ሽቦውም ከእውነተኛው ያነሰ አየር ስለሚያሳይ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ይቀንሳል። ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ማጠብ፣ በጣት ወይም በጨርቅ ሳይነኩ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ደግሞ በሙቀት የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ይፈተሻል፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ራሱ ስለሆነ፣ ካርቱም በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳየችው ያለ የነዳጅ ወረፋ ዘመን በባዶ ታንከር መንዳት ፓምፕ ይፈጃል።

የካምቢዮ ኮዶች ይበልጥ የሚያስፈሩት ጥገናው ውድ ስለሆነ ነው። ፒ0700 በራሱ ብልሽት አይደለም፤ የካምቢዮው ኮምፒዩተር ችግር መመዝገቡን ለሞተሩ ኮምፒዩተር ያስታወቀበት ምልክት ነው፤ ዝርዝሩ ካምቢዮውን ማንበብ በሚችል መሣሪያ መፈለግ አለበት። በዚህ ጊዜ ካምቢዮው ራሱን ለመጠበቅ በአንድ ማርሽ ላይ ይቆልፋል፤ በብዙ ሂዩንዳዮች ይህ ሦስተኛው ማርሽ ነውና መኪናው ሲነሣ ከባድ፣ ሲሮጥ ደግሞ ጩኸታም ይሆናል። ካምቢዮውን ከማውረድ በፊት የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ከውጭ ተነቅሎ በቴስተር ይለካል፤ በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ከ11 እስከ 15 ኦም፣ በዚያ ዘመን ባሉት በርካታ ሂዩንዳዮች ደግሞ 3 ኦም ገደማ መነበብ አለበት። የአንዱን ልክ ይዞ ሌላውን የሚለካ ሰው ጤነኛውን ሶሌኖይድ ያስጥላል። ሲቀዘቅዝ ትክክል የነበረ ልክ ሲግል የሚጠፋበት ጊዜም ስላለ፣ እንደ ካርቱም ባለ ሙቀት ውስጥ ልኬቱ መኪናው ከሥራ እንደተመለሰ ቢደገም ይመረጣል።

ዘይቱ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ይታያል። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት የውስጥ ፍሪሲዮኖች እያለቁ መሆናቸውን ያመለክታል። ኤስፒ 3 የተባለውን ዘይት የሚፈልግ የሂዩንዳይ ካምቢዮ፣ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ብቻ ዴክስሮን ሲሞላበት ማርሹን እየመታ ይቀይራል፤ ይህም ፒ0731 ወይም ፒ0732 የመሰሉ፣ የማርሽ ፍጥነት ንጽጽር አልገጠመም የሚሉ ኮዶችን ሊያስከትል ይችላል። ደካማ ባትሪና የላላ ማሳ ደግሞ ግንኙነት የሌላቸው ብዙ ኮዶችን በአንድ ጊዜ ያስመዘግባሉና፣ እንዲህ ያለ የኮድ ክምር ሲገኝ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መኖሩ ይረጋገጣል።

ኮድን ማጥፋት መጠገን አይደለም፤ እንዲያውም መብራቱ በበራበት ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ ዙርና ሙቀት የያዘው መዝገብ አብሮ ይጠፋልና፣ ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት መዝገቡን መጻፍ ብልህነት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ማንበቢያው ምንም ኮድ የለም ሲል ወዲያው መርካት የለበትም። በኦቢዲ 2 መኪና ላይ ሬዲነስ የሚባለው ዝርዝር ብዙዎቹ የራስ ምርመራዎች ገና አለመጠናቀቃቸውን ካሳየ፣ ኮዱ በቅርቡ መጥፋቱ ወይም ባትሪው መነቀሉ አይቀርም። መሣሪያ የሌለው ገዥ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ቢከፍት የቼክ ኢንጂን መብራት ለጥቂት ጊዜ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሻጩ ሆን ብሎ አውጥቶታል።