ውሃ በድሬዳዋ በስንት ዲግሪ ይፈላል? የምግብ ደኅንነት ኦዲት ሪፖርትና የልኬት እውነት

በአንድ ቀላል ጥያቄ እንጀምር። ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል? ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ የምናውቀው መልስ «በ100» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ያንሳል፤ በመሆኑም ውሃ እዚህ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ዝቅ ይላል። ይህንኑ በቤተ ሙከራ ሳስተምር፣ ቴርሞሜትሩ 96 እያሳየ በሪፖርታቸው ላይ 100 ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች በየዓመቱ አይጠፉም። የሚጽፉት ያዩትን ሳይሆን «ማየት ነበረብን» ብለው ያሰቡትን ነው።

ይህ ስሕተት በቤተ ሙከራ ጥቂት ነጥብ ያሳጣል። በምግብ ደኅንነት ኦዲት ሪፖርት ላይ ሲፈጸም ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከመቶ 96 ያገኘው እርሻ

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በሚገኝ ጄንሰን ፋርምስ በተባለ እርሻ የተመረተ ካንታሎፕ የተሰኘ ፍራፍሬ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ 147 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነዚህም 33ቱ ሞቱ። ወረርሽኙ ከመታወቁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ ኦዲተር የእርሻውን ማሸጊያ ቤት ጎብኝቶ ከመቶ 96 ነጥብና «የላቀ» የሚል ደረጃ ሰጥቶት ነበር። ፍራፍሬው የሚታጠብበት ውሃ ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል እንደማይጨመርበት በዚያው ሪፖርት ተመዝግቧል። ሆኖም ይህ ፍሬ ነገር ከነጥቦች ድምር ሥር ተቀብሮ ቀረ።

ለምን? አማካይ ውጤት ወሳኙን ጉድለት ስለሚሸፍን ነው። አንዲት ቀዳዳ ያላት እንስራ ቀሪው ገላዋ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ውሃ አትይዝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈር ተጓዦች ምግብ ሲዘጋጅ የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት «ሀሳፕ» የተባለው ዘዴም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ምግቡ ሊበከል የሚችልባቸውን ወሳኝ ነጥቦች ለይቶ እያንዳንዱን ለብቻው መቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጥሩ ሪፖርት ወሳኙን ጉድለት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለይቶ ያወጣዋል።

ሙቀት፣ ጊዜና ወተት

ድሬዳዋ ሞቃት ከተማ ናት። የግመል ወተት ከአርብቶ አደሩ መንደር ተነሥቶ፣ በጀሪካን ተጭኖና በፀሐይ ተጉዞ ወደ ገበያ ይገባል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምቹ ሙቀት ሲያገኙ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። በ4 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ይባዛሉና አንዱ ባክቴሪያ 4,096 ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ «የወተቱ ሙቀት ጥሩ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው ምን ይነግረዋል? ምንም። በአንጻሩ፣ ለምሳሌ ያህል፣ «ከጠዋቱ 3፡40 ላይ በሁለተኛው ማቆያ መካከል 14 ዲግሪ ተለክቷል፤ የተቀመጠው ወሰን 5 ዲግሪ ነው፤ ወተቱ ከደረሰ 2 ሰዓት ሆኖታል» ቢባል ሌላ ባለሙያ ሄዶ ሊያረጋግጠው፣ ባለቤቱም ሊያርመው ይችላል። ማስረጃው በቅድሚያ፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መለኪያውን ማን ለካው?

አሁን ወደ ፈላው ውሃ እንመለስ። አንድ ኦዲተር ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ሊፈትሽ አስቦ 96 ያነባል እንበል። መጽሐፉ 100 ይላልና «መሣሪያው 4 ዲግሪ ያጎድላል» ብሎ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ 4 ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ሲበስል ውስጡ ቢያንስ 70 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት ይመክራል። በዚህ ኦዲተር እጅ ግን በእውነት 66 ዲግሪ ብቻ የደረሰ ሥጋ «70፣ አልፏል» ተብሎ ይመዘገባል። ከፍታን ከግምት ማስገባት፣ ወይም በከፍታ እምብዛም በማይለወጠው በሚቀልጥ በረዶ፣ ማለትም በ0 ዲግሪ፣ መፈተሽ ከዚህ ያድናል።

ሌላም አለ። ማንኛውም ልኬት ከነስሕተት ወሰኑ ካልቀረበ ሙሉ አይደለም። ወሰኑ 5 ዲግሪ ሆኖ ንባቡ 4.5 ቢሆንና መሣሪያው 1 ዲግሪ ወደላይም ወደታችም ሊሳሳት ቢችል፣ እውነተኛው ሙቀት 5.5 ሊሆን ይችላል። «አልፏል» ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ አይቻልም፤ ትክክለኛው ቃል «አጠራጣሪ ነው፤ እንደገና ይለካ» የሚል ነው።

ከተማሪዎቻችን ምን ይጠበቃል?

ሀገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አውጥታለች። ሕግ ግን በራሱ አያይም፣ አይለካም። ለሕጉ ዓይንና ጆሮ የሚሆነው መስክ ላይ የወጣው ባለሙያ የሚጽፈው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱም ጉድለቱን ከመዘርዘር አልፎ መንስኤውን፣ የሚያርመውን ሰው፣ የሚታረምበትን ቀንና መታረሙ የሚረጋገጥበትን መንገድ ካልያዘ መደርደሪያ ከማሞቅ አያልፍም።

ከእናንተ መካከል ነገ ኬሚስት፣ የጤና መኰንን ወይም የምግብ ተቆጣጣሪ የሚሆን ይኖራል። የኦዲተርነት ትምህርት የሚጀምረው ዛሬ በቤተ ሙከራ ነው። ቴርሞሜትሩ 96 ካሳያችሁ 96 ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ለምን 100 እንዳልሆነ ጠይቁ።