የተራራ ማረፊያ ቤት ንግድና የሕዝብ በጎ አድራጎት
(ስለ ጮቄ ተራራ፣ ስለ ብቸናና ስለ ሞጣ)

ብቸናና ሞጣ በነጋዴ ዘንድ የሚታወቁት በእህልና በማር ገበያቸው ነው። ይሁን እንጂ ከብቸና በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ ከፍታው ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ይገኛል። ሙጋ፣ ሱሓ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ፈልቀው ወደ አባይ ይወርዳሉ። ጅብራው፣ አስታውና ጓሳው የውጭ አገር ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው የሚመጣ ሀብት ነው። ይህን ሀብት ሳያጠፉ እንግዳ ተቀብሎ ማሳደር፣ ከተገኘውም ገንዘብ ለአካባቢው ሕዝብ ርዳታ መስጠት እንደምን ያለ ንግድ እንደ ሆነ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ይህ ዐይነቱ ሥራ በአፍሪካ አዲስ አይደለም። በኬንያ የኢል ንግዌሲ ማሳዮች በ1996 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሳፋሪ ማረፊያ ከፍተው ከገቢው ለትምህርትና ለጤና የሚውል ድርሻ ይለያሉ። በአገራችንም በሰሜን ወሎ በመቄት ገበሬዎች ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የእንግዳ ጎጆዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. ተሠርተዋል። በጮቄም የተመሠረተው የኢኮ መንደር በ2022 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። እንግዲህ አሳቡ ሊሠራበት የሚችል መሆኑ የተረጋገጠ ስለ ሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሒሳቡ እንዴት እንደሚያዝ ነው።

1ኛ/ የሕዝቡ ድርሻ ከምን ላይ ይነሣ? ብዙዎች «ከትርፉ ይህን ያህል እንሰጣለን» ብለው ይጀምራሉ። ነገር ግን ትርፍ የሚታወቀው ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ገበሬውም ሊቈጣጠረው አይችልም። ድርሻው በእያንዳንዱ እንግዳ ሌሊት ልክ ቢወሰን ግን ከፋዩም ተቀባዩም ሊቈጥረው ይችላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በዓመት 900 የእንግዳ ሌሊት ቢያስተናግድና ከያንዳንዱ 300 ብር ቢለይ፣ ለሕዝቡ 270,000 ብር ይሆናል። እንግዳው በእኩሌታ ቢቀንስ 135,000 ብር ይሆናል ማለት ነው።

2ኛ/ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? ከላይ ያለው ምሳሌ እንደሚያሳየው የዚህ ንግድ ገቢ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስለዚህ በየወሩ ደመወዝ የሚጠይቅ ሥራ፣ ለምሳሌ መምህር ወይም ነርስ መቅጠር፣ በእንግዳ ሌሊት ብቻ ሊመካ አይገባውም። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ብዙ ዘመን የሚያገለግል፣ እንደ ምንጭ ማጎልበትና እንደ መማሪያ ክፍል ያለው ሥራ ይሻላል። ደመወዝ ያለበት ሥራ የግድ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ አስቀድሞ በባንክ መቀመጥ አለበት።

3ኛ/ ሒሳቡ ይለይ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በጎ አድራጎት ድርጅት በንግድ ሥራ ገቢ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የንግዱ የባንክ ሒሳብና መዝገብ ግን ለብቻው እንዲያዝ ያዝዛል። የግል ነጋዴም ቢሆን ይህን ልማድ ቢከተል ከሐሜት ይድናል።

4ኛ/ ተራራው ዋናው ዕቃ መሆኑ አይዘንጋ። በጮቄ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ እንግዳው እሳት ይፈልጋል። አስታውን ቈርጦ የሚያነድ ባለ ማረፊያ ግን እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ያቃጥላል። ውኃውን በፀሐይ ኀይል ማሞቅ፣ ለማገዶ ከተተከለ ባሕር ዛፍ መግዛት፣ ቆሻሻውን ከምንጭ ማራቅ የቸርነት ሥራ ሳይሆን የንግዱ ጥገና ነው።

5ኛ/ ከርዳታው ይልቅ ግዥው ሊበልጥ ይችላል። ድንች፣ ገብስ፣ በግ፣ እንቁላልና ማር ከተራራው ሕዝብ፣ ጤፉና ሸቀጡ ከብቸናና ከሞጣ ሱቆች በደረሰኝ ቢገዛ፣ ለበጎ አድራጎት ከተለየው ገንዘብ የበለጠ ብር በአካባቢው ይቀራል። የፀሐይ ኀይል ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ገበያ ያገኛሉ።

በጎ አድራጎትና ንግድ የማይለያዩ መሆናቸውን የሞጣ ሰው ከሰባራ ድልድይ ያውቃል። በ17ኛው መቶ ዓመት በአባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ኋላም ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጊ ድርጅት ጠገነው፤ ጎርፍ ጥገናውን ከወሰደው በኋላም ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የጎጃምና የጎንደር ገበያተኛም መሻገሪያ አገኘ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከብደው ሥጋት ሰላም ነው። የጮቄ መንደር በተመረጠ በዓመቱ ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር 2023 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከግጭቱም የተነሣ የጎብኝው ጕዞ ተቋረጠ። እህል ቢዘገይ በጎተራ ይቈያል፤ ያልታደረበት ሌሊት ግን ተመልሶ አይሸጥም፤ የዘበኛውና የአስተናጋጁ ደመወዝም አይቆምም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ገንዘቡን ሊያውል የሚያስብ ነጋዴ በብድር ትልቅ ቤት ከመሥራት ይልቅ በጥቂት ጎጆ ይጀምር፤ ከእርሻ ወይም ከሱቅ ሌላ ገቢ ይኑረው፤ ከመንደሩም ጋር የሚያደርገው ውል እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚናገር ይሁን። ሕዝቡ በደግ ዓመት የተቀበለው ምንጭና ክፍል በክፉው ዓመትም ቢያገለግለው፣ እንግዳው በሚመለስበት ቀን ተራራውንና ቤቱን ጠብቆ ያቈየዋል።