ምላጩ ሲያርፍ

እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የፈረንሳይ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ የ24 ዓመት ወጣት ባለሙያ ክራዮስታት ታጸዳ ነበር። ክራዮስታት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሚቀዘቅዝ ሣጥን ውስጥ የተተከለ፣ የአካል ቁራጭን እያሳሳ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ለጽዳት የያዘችው ጫፉ የሾለ ቆልማማ ወረንጦ ድርብ ጓንቷን በስቶ አውራ ጣቷን ወጋት፤ ደማት። በማሽኑ ላይ ሲቆረጥ የነበረው በፕሪዮን የተበከሉ አይጦች አንጎል ነው። ፕሪዮን አንጎልን እንደ ስፖንጅ የሚበሳሳና መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ያስከትላል።

ሰባት ዓመት ተኩል ምንም አልታየባትም። በ2017 መገባደጃ ትከሻዋና አንገቷ ያቃጥላት ጀመር፤ በ2019 ሞተች።

ልብ ሊባል የሚገባው ባለሙያዋ ስትወጋ እየቆረጠች አለመሆኗ ነው። ሰው በሚቆርጥበት ሰዓት ዓይኑም ሐሳቡም ምላጩ ላይ ነው፤ ጥንቃቄው የሚላላው ከመቁረጡ በፊትና በኋላ ነው።

በየሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል ያለው የናሙና መቁረጫ፣ ማይክሮቶም፣ ይህን በደንብ ያሳያል። ከታማሚ የተወሰደ ናሙና በፓራፊን ሰም ተጠምቆ ይደርቅና ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ድረስ ይሳሳል፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ወደ 20 እጥፍ የቀጠነ ማለት ነው። በብዛት በሚሠራበት ባለመዘውር ማይክሮቶም ምላጩ ቆሞ ናሙናው ነው ከላይ ወደ ታች የሚመላለሰው። መዘውሩ ከባድ ስለሆነ እጅ ቢለቀውም ሊዞር ይችላል፤ ጣት መሐል ከገባ ደግሞ ምላጩ እዚያው ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ሲጀመር መጀመሪያ ናሙናው ይታሰራል፣ ምላጩ በመጨረሻ ይገባል። ሲቆም መዘውሩ ይቆለፋል፣ ምላጩ በመከለያው ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጅ ወደ ናሙናው ይጠጋል። ስሱ ቁራጭ በጣት ሳይሆን በብሩሽ ይነሣል። ከእጅ ያመለጠ ምላጭ አይቀለብም፤ እግርን ሰብስቦ መሬት እስኪያርፍ መጠበቅ ነው። ወለል ላይ የተራገፈው የሰም ፍርፋሪ ስለሚያንሸራትትም ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል።

የአንዲት ጭረት ጣጣ የታወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የሕግ ሕክምና ፕሮፌሰሩ ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር የተማሪ ቢላ ጣቱን ነካውና ሕይወቱ አለፈ። የኮሌችካን የራሱን አስከሬን ምርመራ ውጤት ያነበበው ወዳጁ ኢግናዝ ሴሜልቫይስ፣ ወላዶችን የሚገድለው ትኩሳትና ኮሌችካን የገደለው ሕመም አንድ መሆኑን አስተዋለ፤ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ማዘዙም ከዚሁ የመነጨ ነው።

እንደ ክራዮስታት ባለ ማሽን ኤሌክትሪኩም እንዲሁ የሚያዘናጋው ማሽኑ ሲቆም ነው። ማጥፊያው ተጫነ ማለት በውስጡ ኃይል የለም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከመጽዳቱ በፊት ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ያውም በደረቅ እጅ። በ220 ቮልት መስመር ላይ 1 ሚሊአምፔር ገደማ ንዝረቱ ይሰማል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ጡንቻ ይጨመደድና እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ50 ካለፈ ልብን ሊያዛባ ይችላል። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መቁረጫ ብሬከር በ30 ሚሊአምፔር መስመሩን የሚያቋርጠው ለዚህ ነው። ባለሦስት እግር ስፒና በባለሁለት እግር ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ የመሬት ሽቦው ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ብረት ገላ ያለው ማሽን ላይ ይህ አይሞከርም። ባልደረባ በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጅ አይነካም፤ መጀመሪያ ብሬከሩ ይወርዳል።

ያገለገለ ምላጭ በእጅ ሳይቀባበል ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይጣላል፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። የተወጋ ሰው ቁስሉን ሳይጨምቅ በውሃና በሳሙና ያጥባል፣ ወዲያውም ለኃላፊው ያስታውቃል። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የአደጋው ሰዓት ለወጉ ያህል የሚጻፍ አይደለም፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ ቆጠራው የሚነሣው ከዚያች ደቂቃ ነው።